ሐኪም ያዘዘው ገደብ ጾም ይሆናልን?

ዐቢይ ጾም በቀረበ ቁጥር ካህናት ከምእመናን ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች መካከል ከሆድ ሕመም ጋር የተያያዙት ጥቂቶች አይደሉም። «አባ፥ ሐኪሙ በርበሬና ቡና ከልክሎኛል፤ ሆድህን ባዶ አታቆየው፥ ጥቂት ጥቂት እያልህ ደጋግመህ ብላ ብሎኛል፤ እንግዲህ ጾሙን ምን ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። «ዓመቱን ሙሉ የምወደውን ሁሉ ትቼ የምኖር ሴት ነኝ፤ ይህ ለእኔ እንደ ጾም አይቈጠርልኝምን?» ብላ የምትጠይቅም አለች።

የፊተኛው የሕግ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አጭርና ግልጽ ነው። የኋለኛው ግን ከሕግ አልፎ የሰውን ነፃ ፈቃድ ይነካል። ሰው ወዶ ሳይሆን ተገዶ የተወው ነገር በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ አለውን? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመርመር እንሞክራለን። ጉዳዩ የሕሙማን ብቻ አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ መሶብ ዙሪያ የምንቀመጥ ሁላችን ድርሻ አለንና።

ጾምና የሐኪም ገደብ

በመጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ማየት ይገባል። ጾመኛና ሕመምተኛ በአንድ ማዕድ ቢቀመጡ ሁለቱም እጃቸውን ከአንዱ ወጥ ይሰበስቡ ይሆናል። ከውጭ ለሚመለከታቸው ልዩነት የላቸውም። የሚለያዩት እጃቸውን በሰበሰቡበት ምክንያት ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተባለው መጽሐፉ (ሁለተኛው ክፍል፥ ጥያቄ 147) ጾም ስለ ሦስት ነገር እንደሚደረግ ያስተምራል፤ የሥጋን ፍትወት ለመግታት፥ አእምሮን ወደ ሰማያዊ ነገር ለማንሣትና ስለ ኃጢአት ካሣ ለማቅረብ። የሐኪም ገደብ ግን የሚሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታመመው አካል እንዲያርፍና እንዲድን። ስለዚህ ገደቡ በራሱ ጾም አይደለም። በርበሬ የተወ ሁሉ ጾመ የምንል ከሆነ፥ የጥርስ ሕመም ቆሎ ያስተወውንም ሰው ጾመኛ ልንለው ነው።

ይኸው መምህር በዚያው ስፍራ ሌላም ነገር ያክላል። ቅን አእምሮ ምግብን የሚቀንሰው ተፈጥሮአችን የሚቆምበትን እስከ መንሣት ድረስ አይደለም። ጾም ሥጋን ለማረቅ እንጂ ለማፍረስ አልተሠራም። ሥጋችን ከእግዚአብሔር የተቀበልነው አደራ ነው፤ አደራውን ያበላሸ ሰው «ለባለ አደራው ክብር ብዬ ነው» ቢል አመክንዮው አይቆምለትም።

ሕጉ ምን ይላል?

የቤተ ክርስቲያን የጾም ሕግ ከጥንት ጀምሮ ለሕሙማን በሩን ከፍቶ ኖሯል። የሐዋርያት ቀኖናት ተብሎ የሚታወቀው ጥንታዊ ስብስብ በ69ኛው ቀኖና የዐርባውን ቀን ጾምና ረቡዕንና ዓርብን አጥብቆ ሲያዝዝ፥ የሥጋ ድካም የከለከለውን ሰው ግን ከግዳጁ ያወጣዋል። በላቲን ሥርዓት ቀኖና 1252 ከሥጋ የመከልከልን ግዴታ 14 ዓመት በሞላቸው ላይ፥ የጾምን ግዴታ ደግሞ ከ18 ዓመት እስከ 60ኛው ዓመት መግቢያ ባሉት ላይ ይጥላል። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ በቀኖና 882 ምእመናን በንስሓ ቀናት እንደየቤተ ክርስቲያናቸው ልዩ ሕግ እንዲጾሙ ያዝዛል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ሊፈጽሙት ለሚችሉ ሰዎች ነው። ጤናውን በእውነት የሚጎዳበት ሰው በሕጉ አይያዝም፤ ስለዚህም የሕሊና ጭንቀት ሊያድርበት አይገባም።

በአገራችን ደግሞ አንድ ልዩ ችግር አለ። የጨጓራ ሕመምተኛን የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ የፍስኩ ሳይሆን የጾሙ ምግብ ነው። እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በላይ በባዶ ሆድ ከቆየ በኋላ የሚቀርብለት በበርበሬ የቀላ ሽሮ፥ ምስር ወጥ፥ ሰናፍጭ ያለበት ስልጆ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቆሞሱን ወይም የንስሓ አባቱን አማክሮ የጾም ሰዓቱን ቢያሳጥር፥ ወይም ወተትና እንቍላል ቢወስድ ሕግ አፈረሰ አይባልም። መድኃኒት መዋጥም እንዲሁ ነው። በላቲን ሥርዓት ቀኖና 919 መሠረት ውሃና መድኃኒት ከቅዱስ ቁርባን በፊት ያለውን ጾም አያፈርሱም፤ ሕሙማንና ሽማግሌዎች፥ አስታማሚዎቻቸውም ጭምር፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቂት ቢቀምሱም ሊቈርቡ ይችላሉ። በግእዝ ሥርዓት ያሉ ምእመናን የየሀገረ ስብከታቸውን ልዩ ሕግ ከቆሞሳቸው ይጠይቁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለልጁ ለጢሞቴዎስ የላከውን ምክር እናስታውስ (1ጢሞ 5፥23)። ጢሞቴዎስ የኤፌሶንን ምእመናን የሚጠብቅ፥ በትጋቱ የተመሰገነ ሰው ነበር፤ ሆዱ ግን ያመው ነበር። ጳውሎስ ሕመሙን በጸሎት ብቻ እንዲያልፈው አልነገረውም፤ ውሃ ብቻ መጠጣቱን ትቶ ጥቂት ወይን እንዲጨምርበት መከረው እንጂ። የክርስትናን ታላላቅ ምሥጢራት የያዘ መልእክት ስለ አንድ ሰው ሆድ ለመጨነቅ ቦታ አላጣም።

ከቅዱሳን መካከልም ይህን ትምህርት በመከራ የተማረ አለ። ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ በወጣትነቱ በማንሬዛ ያለ ልክ ጾመ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በሆድ ሕመም ተሠቃየ። እ.ኤ.አ. በ1556 ካረፈ በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በውስጡ ብዙ ጠጠር እንዳገኘ ጽፏል። ይህ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1548 ለፍራንቼስኮስ ቦርጃ በላከው ደብዳቤ ጾሙን እንዲቀንስና ሆዱን እንዲንከባከብ አጥብቆ መክሮታል። ምክሩ የመጣው ከምቾት ወዳድ ሳይሆን ዋጋውን በሥጋው ከከፈለ ሰው መሆኑን ልብ እንበል።

የመረጡትና የተቀበሉት

እንግዲህ ወደ ከበደው ጥያቄ እንለፍ። ገደቡ በራሱ ጾም ካልሆነ፥ ዓመቱን ሙሉ የምትከለከለው ያች ሴት ድካሟ ከንቱ ነውን?

መልሱን ከጌታችን ሕይወት መፈለግ ይሻላል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋው ወራት ከምግብና ከመጠጥ ሁለት ጊዜ ተለይቶ እናየዋለን። በገዳመ ቆሮንቶስ ዐርባ ቀንና ዐርባ ሌሊት ጾመ፤ ይህ የመረጠው ነበር። በመስቀል ላይ ተጠማ፤ ይህ ደግሞ ሌሎች ያደረሱበት ነበር። ያድነን ዘንድ ራሱን የሰጠው ግን በጾሙ ብቻ አይደለም፤ በጥማቱም ነው። ነፍሱን ማንም ከእርሱ እንደማይወስዳት፥ እርሱ በፈቃዱ እንደሚያኖራት አስቀድሞ ተናግሮ ነበርና (ዮሐ 10፥18) ሌሎች የጫኑበትን መስቀል በፈቃዱ የገዛ ራሱ መሥዋዕት አደረገው።

ከዚህ የምንረዳው የሰው ፈቃድ ሁለት ሥራ እንዳለው ነው፤ መምረጥና መቀበል። ጾመኛ ይመርጣል፤ ሕመምተኛ ይቀበላል። መቀበልም ከመምረጥ ያነሰ ነፃነት አይደለም። የጨጓራ ሕመምተኛ እጁን ማንም አላሰረውም። ወጡ ፊቱ ቀርቧል፥ ሽታው ያውደዋል፥ ሐኪሙም በቤቱ የለም። እጁን የሚሰበስበው ራሱ ነው፤ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ። እያጉረመረመ ቢያደርገው ድካሙ ይቀርበታል፤ «ጌታዬ፥ ይህን ከእጅህ እቀበላለሁ» ብሎ ቢያደርገው ግን መሥዋዕት ይሆንለታል። ሕመሙን እርሱ አልመረጠውም፤ ሕመሙን የሚሸከምበትን መንገድ ግን ይመርጣል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1966 ስለ ንስሓ በደነገጉት «ፔኒቴሚኒ» በተሰኘው ሐዋርያዊ ደንብ ይህንኑ አስተምረዋል። በሕመም፥ በድህነትና በመከራ ያሉ ምእመናን ሥቃያቸውን ከክርስቶስ ሕማማት ጋር አንድ ቢያደርጉት የንስሓን ትእዛዝ ይበልጥ በተሟላ ሁኔታ እንደሚፈጽሙና ለወንድሞቻቸውም ጸጋን እንደሚያስገኙ ገልጸዋል። እንግዲህ የሴቲቱ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ገደቡ ጾም አይደለም፥ በፍቅር ሲቀበሉት ግን ከጾም የማያንስ ንስሓ ይሆናል።

ፋሲካ ሲመጣ

ነገር ግን አንድ ልዩነት ይቀራል፤ ልንሸሽገውም አይገባም። ጾም የሚቻለው ፍቺው ስለሚታወቅ ነው። ዐቢይ ጾም በግእዝ ሥርዓት 55 ቀን ቢረዝምም፥ በትንሣኤ ሌሊት ቤቱ ሁሉ በዶሮ ወጥ ሽታ እንደሚሞላ ሁሉም ያውቃል። ጾም የማኅበርም ነው፤ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይጾማል፥ አብሮም ይፈታል። የሕመም ገደብ ግን በካላንደር ላይ ፍቺ የለውም። ሁሉም ሲፈታ እርሷ አልጫዋን ወይም አጥሚቷን ይዛ ትቀመጣለች። በጾሙ ወራት ከሁሉም ጋር ነበረች፤ በበዓሉ ቀን ብቻዋን ቀረች። ሆድ የሚብሰው ያን ጊዜ ነው።

ለዚህች እኅት ምን እንበላት? «ፋሲካችን ዶሮ ወጥ አይደለም፤ ፋሲካችን ክርስቶስ ነው» ማለት እውነት ነው። ነገር ግን ይህን እውነት አፋችን ሞልቶ ልንሰብክላት አይገባም። ይህ ቃል በእርሷ አንደበት ምስክርነት ነው፤ በእኛ አንደበት ግን ርካሽ ማጽናኛ ሊሆን ይችላል። እኛ ልንላት የምንችለው፥ ተስፋችን ሥጋንም እንደሚጨምር ነው። ኢሳይያስ በመጨረሻው ዘመን እግዚአብሔር ለሕዝብ ሁሉ የሰባ ግብዣ በተራራው ላይ እንደሚያዘጋጅ አይቷል (ኢሳ 25)። ጌታችንም ከሙታን ከተነሣ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ በተገለጠ ጊዜ የሚበላ ነገር ጠይቆ በፊታቸው በልቷል (ሉቃ 24)። ስለዚህ የእርሷ ጾም ፋሲካ የሌለው ጾም አይደለም፤ ፋሲካው የዘገየ ጾም ነው። እስከዚያው ግን ብቻዋን አለመቀመጧን የምናረጋግጠው እኛ ነን።

ልንጠነቀቃቸው የሚገቡ ፈተናዎች

በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ፈተናዎች ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ሕመምን መደበቅ ነው። በኀፍረት ወይም በተሳሳተ መንፈሳዊነት «ምንም አልሆንሁም» እያሉ የተከለከሉትን መብላት፥ ወይም ያለ ምግብ መዋል ትሕትና አይደለም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ እርሱንም መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል።

ሁለተኛው በወሬ መመራት ነው። ብዙ ሰዎች ሳይመረመሩ ከዚህም ከዚያም በሰሙት ምክር አንዱን ምግብ ከሌላው እየተዉ ሰውነታቸውን ያከሳሉ። ለረጅም ዘመን የጨጓራ ቍስል በጭንቀትና በሚያቃጥል ምግብ እንደሚመጣ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ለይተው አሳዩ፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚህ ሥራቸው ነው። ዛሬ የአብዛኛው የጨጓራ ቍስል ምክንያት ይህ ባክቴሪያ ወይም እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን አዘውትሮ መውሰድ እንደሆነ ይታወቃል። በርበሬ የታመመን ጨጓራ ሊያስቈጣ ይችላል እንጂ ቍስሉን የሚፈጥረው እርሱ አይደለም። ባክቴሪያው የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ በዐሥርና በዐሥራ አራት ቀን መድኃኒት ሊድን ይችላል። ተመርምሮ ሊድን የሚችለውን ሕመም «መስቀሌ ነው» ብሎ ዕድሜ ልክ መሸከም ትዕግሥት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። ልንቀበለው የሚገባን መስቀል፥ ልንርቀው የሚቻለንን ሁሉ ካደረግን በኋላ የሚቀረው ነው።

ሦስተኛው ፈተና ሆድን የኑሮ ሁሉ ማዕከል ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ምግቡ ብቻ የሚያስብና የሚናገር፥ ቤተሰቡን ሁሉ በገደቡ የሚያስጨንቅ ሰው ሳያውቀው ሆዱን ሊያመልክ ይችላል። ገደብ የተሠራው ሰውን ለሥራውና ለፍቅር ነፃ እንዲያወጣው ነው። የተፈቀደለትን አመስግኖ በልቶ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ገደቡን በትክክል ጠበቀ።

«በሞቴ!» የሚለው ፍቅር

እስካሁን ስለ ሕመምተኛው ግዴታ ተናገርን፤ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የአገራችን የማዕድ ባህል የከበረ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። «በሞቴ!»፥ «አፈር ስሆን!» እያልን እንግዳውን እንለምናለን፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለንም እንደግማለን። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲል «ዛሬ እኮ በዓል ነው! በእግዚአብሔር ስም የተበላ ምንም አይልም!» ብለን ስንጫነው ፍቅራችን ወደ ግዴታ ይለወጣል። እርሱም ሁለት ክፉ ነገሮች ይጠብቁታል፤ ወይ በልቶ ሌሊቱን ሲሠቃይ ያድራል፥ ወይ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይዋሻል። ብዙዎች ሦስተኛ መንገድ ይመርጣሉ፤ ከሠርግ፥ ከማኅበርና ከለቅሶ ቤት ይቀራሉ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክት 14ኛ ምዕራፍ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፥ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያስተምራል፤ ክርስቶስ የሞተለትን ወንድም በመብል ማጥፋት እንደማይገባም ያስጠነቅቃል። ጳውሎስ የተናገረው ስለ ሕሊና ድካም ቢሆንም፥ ለሆድ ድካምም የሚሠራ ቃል ነው። እውነተኛ ፍቅር ወጡ ከመሠራቱ በፊት ይጠይቃል። ቁሌቱ ላይ በርበሬው ሳይገባ ጥቂት ቀንሶ በሌላ ድስት ማስቀረት ምን ያህል ድካም ነው? ጉርሻው ደግሞ ከአልጫውም ይጠቀለላል። ቀርቦ የቀመሰ፥ ያልቀመሰም ሁለቱ በእኩል ክብር የሚቀመጡበት ማዕድ የክርስቲያን ማዕድ ነው።

የድሆችንም ነገር እንዳንረሳ። ሐኪም «ወተት ጠጪ፥ እንቍላልና ፍራፍሬ ብዪ» ብሎ የሚሰናበታት እናት ከየት ታመጣዋለች? ለእርሷ ገደቡ የማይፈጸም ትእዛዝ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «ኖላዊ ሄርማስ» የጾመ ሰው ያልበላውን ምግብ ዋጋ ቈጥሮ ለመበለትና ለድሃ እንዲሰጥ ይመክራል። እንግዲህ የጤነኞች ጾምና የሕሙማን ገደብ የሚገናኙበት ስፍራ ይህ ነው፤ በፈቃዳችን የተውነው ምግብ ሐኪም ያዘዘላትን ምግብ ላጣችው ይግዛላት። ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስ እንደሆነ የተናገረው በዚህ ይፈጸማል።

ስለ ቅዱስ ቁርባን

በመጨረሻ ጥቂቶችን የሚመለከት፥ ግን ከባድ የሆነ ጉዳይ አለ። ሲሊያክ የሚባል የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በስንዴ፥ በገብስና በአጃ ዝርያዎች ውስጥ ያለውን ግሉተን የተባለ ነገር ጥቂቱን እንኳ መብላት አይችሉም። ለእነዚህ ሰዎች ጤፍ፥ በቆሎ፥ ማሽላና ቆጮ ይስማሟቸዋል፤ ጠላ፥ በሶና ድፎ ዳቦ ግን ይጎዷቸዋል። በገበያ የሚሸጥ እንጀራም ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ የስንዴ ኅብስት የሆነውን ቅዱስ ቁርባን እንዴት ይቀበሉ?

አንዳንዶች «ኅብስቱን ከጤፍ መጋገር አይቻልምን?» ብለው ይጠይቃሉ። አይቻልም። በላቲኑ ሕግ ቀኖና 924 በምሥራቃውያኑም ሕግ ቀኖና 706 መሠረት ኅብስቱ ከስንዴ ብቻ መሆን አለበት። የእምነት ትምህርት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ባወጣው ደብዳቤ፥ የመለኮታዊ አምልኮ ጉባኤም በ2017 ባወጣው ደብዳቤ፥ ግሉተኑ ፈጽሞ የወጣለት ኅብስት ለምሥጢሩ እንደማይበቃ፥ ግሉተኑ የቀነሰ ግን ዳቦ ሊሆን የሚችልበት ያህል ካለው እንደሚበቃ ተገልጿል። ይህንም መቀበል የማይችል ምእመን በወይኑ መልክ ብቻ ሊቈርብ ይችላል። ይህ ጐዶሎ ቁርባን አይደለም። የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 እንዳስተማረው ክርስቶስ በእያንዳንዱ መልክ ሙሉ በሙሉ አለና። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲህ ያለ ልጅ በመጀመሪያ ቁርባን ክፍላቸው ሲያገኙ አስቀድመው ለቆሞሱ ይንገሩ፤ ጽዋውም ኅብስት ሳይነካው ተለይቶ ይዘጋጅለት።

በሰው ማዕድ ላይ የሚከለከለው ብዙ የሆነበት ምእመን፥ በእግዚአብሔር ማዕድ ላይ ግን ቦታው ተጠብቆለታል። በየቤታችንም ይህንኑ እናድርግ፤ ሕመምተኛው ገደቡን ከጌታ እጅ ይቀበል፥ ጤነኛው ደግሞ ለወንድሙ የሚስማማውን ያቅርብ። በመስቀል ላይ የተጠማው፥ ከትንሣኤውም በኋላ ከወዳጆቹ ጋር በአንድነት የበላው ጌታችን፥ የሆድ ሕሙማንን ሁሉ በምሕረቱ ይጐብኝ፤ ሁላችንንም ማንም ወደማይከለከልበት ማዕዱ ያድርሰን። አሜን።